«ወተት የላትም በይው»

«ወተት የላትም በይው» አለች ፈረንጇ ሐኪም፣ ማዳም፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ሳትነቅል። «የጣሳ ወተት ገዝቶ ያምጣ። ዛሬውኑ።»

ዘርፉ የያዘችውን የፍል ውሃ ባልዲ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው በዚህ ትንሽ ሐኪም ቤት አንሶላ ማጠብና ወለል መወልወል ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ፈረንሳይኛውን ከባቡር ሠራተኞቹ ሰፈር እየቃረመች ለምዳዋለች፤ አማርኛውና ኦሮምኛው ደግሞ አፏን የፈታችባቸው ናቸው። ስለዚህ ማዳም ከበሽተኛ ጋር መነጋገር ስትፈልግ የምትጠራው እሷን ነው። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ የቆመው ሱሩር፣ የጨው ነጋዴው፣ አንዴ የማዳምን አንዴ የዘርፉን አፍ እያየ ይጠብቃል። ሚስቱ ሀጂራ ሦስት ቀን አምጣ ትናንት ከቀትር በኋላ ነው ሴት ልጅ የተገላገለችው። ማዳም ባትኖር ኖሮ እናትም ልጅም አይተርፉም ነበር። ይኼን ሱሩርም ያውቃል፣ ዘርፉም ታውቃለች። እሱ ዘንድ የማዳም ቃል እንደ ዳኛ ፍርድ ነው።

«ምን አለች፣ እትዬ ዘርፉ?»

«ወተት የላትም አለች። የጣሳ ወተት ግዛ አለች።» ዘርፉ «አለች» የምትለዋን ቃል ሁለቱንም ጊዜ ጠበቅ አድርጋ ተናገረቻት። ሱሩር ግን ልብ አላለውም።

«ጨርሶ የላትም?»

«እሷ ያለችው እንዲህ ነው።»

ሱሩር ጫማውን አጥልቆ ወጣ። የጣሳ ወተት ያለው ከገበያው በታች ካለው የየመኔው ሱቅ ብቻ ነው፤ እሱም ዕቃው ከጅቡቲ የመጣለት ከሆነ ነው። ነፋሱ አቧራውን አንስቶ መንገዱን ሸፍኖታል። ዘርፉ በመስኮቱ ስታየው ሱሩር ነጠላውን አፉ ላይ ጠምጥሞ፣ ነፋሱን በትከሻው እየገፋ ይወርዳል።

የቤቱ ደንብ ማዳም ከአገሯ ይዛው የመጣችው ነው። የተወለደ ልጅ እናቱ ዘንድ አይተኛም፤ ከመተላለፊያው ማዶ ባለችው ነጭ ክፍል፣ በሳጥን አልጋ፣ እንደ ጥቅል ተጠቅልሎ ይተኛል። በየአራት ሰዓቱ ለዐሥር ደቂቃ ወደ እናቱ ይወሰዳል። ሌሊት አይወሰድም። በመሃል ቢያለቅስ ሳንባው ይጠነክርለታል ትላለች ማዳም። ትናንት ማታም፣ ዛሬ ንጋት ላይም፣ አሁን ረፋድ ላይም ሕፃኗን ተሸክማ ወደ ሀጂራ የወሰደቻት ዘርፉ ነች። ሦስቱንም ጊዜ ሕፃኗ አልቅሳ አልቅሳ፣ ደክሟት፣ እንቅልፍ ጥሏት ነው የሄደችው። የጡቱ ጫፍ ከንፈሯን ሲነካት እንኳ አፏን አልከፈተችም። ሀጂራ ጡቷን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ግራ ገብቷት ጣሪያውን ስታይ ዐሥሩ ደቂቃ ያልቃል። ነጯ ክፍል ተመልሳ ገብታ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሕፃኗ ትነቃና ጩኸቷን ትለቀዋለች፤ ያኔ ግን ሰዓቱ አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ያረጠበችው ጨርቅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ሸክላ አፈር ቀላ ያለ ነገር ነበረበት። ዘርፉ ያን ጨርቅ ስታጥበው ደስ አላላትም።

«ወተት የላትም» ሲባል ሀጂራ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ባለፈው በጋ ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ከመልካሳ በኩል የመጣች የገበሬ ሚስት፣ ሌላዋ የሐዲድ ጠባቂው ሚስት። ሁለቱም በአንድ እጃቸው ልጃቸውን፣ በሌላው ጡጦና ጣሳ ይዘው ወጡ። ወር ሳይሞላቸው ልጆቹ ዓይናቸው ሰርጉዶ፣ ሆዳቸው አልቆም ብሎ ተመለሱ። ያን ጨርቅ ሁሉ ያጠበችው ዘርፉ ናት። ወተቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ከአዋሽ በአህያ የሚመጣ፣ በእንስራ የሚያድር ውሃ ነው፤ ጡጦዋንስ በዚህ አቧራ መሃል ማን በቀን ስድስት ጊዜ ይቀቅላታል፣ በየትኛው ማገዶ? ማዳም ሁለቱን ልጆች ለማዳን ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሲሞቱም ጓሮ ወጥታ ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ብዙ ቆመች። ዘርፉ ያኔ «ወተቱ እኮ ነበራቸው» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ዛሬ ባልዲዋን ስታነሳ ግን ዳግመኛ እንደማትውጠው ታወቃት።

ወደ ሀጂራ ክፍል ገባች። ክፍሉ ሁለት የብረት አልጋ አለው፤ አንዱ ባዶ ነው። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋድ ጀምሮ እንደ ምድጃ ይግላል። ሀጂራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ዕድሜዋ ከዐሥራ ስምንት አይበልጥም። አገሯ ከሶደሬ ማዶ፣ አርሲ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ለመናገር ታፍራለች። አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት አማቷ እመት ቀመሪያ ደግሞ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አዳማ ኖረው ኦሮምኛ ከገበያ ዋጋ መጠየቂያው አላለፈም። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ ከኖሩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። እመት ቀመሪያ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ ሀጂራ ግድግዳውን ታያለች፤ በመካከላቸው ያለው ዝምታ ጠብ ያለበት አይደለም፣ ግን ማንም ከፍቶት አያውቅም።

«ሀጂራ፣ አካም ቡልቴ?» አለቻት ዘርፉ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው።

ሀጂራ ሳትዞር «ነጋ»፣ ደህና፣ ብላ መለሰች፤ ቀጥላም እዚያው ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠች፣ ፈረንጇ ለባሏ ያለችውን እንደሰማች ተናገረች። ፈረንሳይኛው ባይገባትም ዘርፉ ለሱሩር በአማርኛ የነገረችውን በተከፈተው በር ሰምታዋለች። ላም እንኳ ስትወልድ ጥጃዋን ታጠባለች፤ እኔ ምን ሆኜ ነው? አለች። ዘርፉ አንሶላውን አስተካከለችላት፣ ላቧን ጠረገችላት፣ አጥሚትም አምጥታ ትራሷን ደግፋ ጽዋው ባዶ እስኪሆን አጠጣቻት።

ቀትር ላይ ከሩቅ የባቡሩ ፊሽካ ተሰማ። ከጅቡቲ የመድኃኒት ሳጥን ስለሚመጣ ማዳም ራሷ ሄዳ መቀበል ነበረባት፤ ባለፈው ጊዜ ሌላ ሰው ልካ ግማሹ ጠርሙስ ተሰብሮ ነበር የደረሰው። ባርኔጣዋን እያሰረች ለዘርፉ ትእዛዝ ሰጠች፤ ባልየው ጣሳውን ሲያመጣ ውሃ አፍልታ፣ በማንኪያ ለክታ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን ጡጦውን ለሕፃኗ እንድትሰጥ። ዘርፉ «እሺ» አላለችም። ማዳም ግን መልስ የምትጠብቅ ሰው ስላልነበረች አላስተዋለችም።

የማዳም ጥላ በበሩ እንዳለፈ ዘርፉ እጇን በሳሙና ታጥባ ወደ ነጯ ክፍል ገባች። ሕፃኗ ነቅታለች። ገና አላለቀሰችም፤ አፏን ከፍታ አንገቷን ወዲያና ወዲህ ታዞራለች፣ ምላሷን ታወጣለች። ዘርፉ ስትጠብቀው የነበረው ይኼንኑ ነው። ካለቀሰች በኋላ ሳይሆን ከማልቀሷ በፊት። አንስታ አቀፈቻትና መተላለፊያውን ተሻግራ ወደ እናቷ ይዛት ሄደች።

እመት ቀመሪያ ከበርጩማቸው ተነሱ። «ጣሳው መጣ?»

«አልመጣም። ጡት ልትጠባ ነው።»

«የትኛውን ጡት?» አሉ እመት ቀመሪያ፣ በአልጋውና በዘርፉ መካከል ገብተው። «ያን ቢጫውን? ወተት የላትም አላለችም እንዴ ፈረንጇ? ያለው እንገር ነው። እንገር ደግሞ የልጅ ሆድ ይነፋል። ሦስት ቀን ታልቦ ይደፋል እንጂ ልጅ አፍ ውስጥ አይገባም። እኔ እስከዚያው ለጋ ቅቤ ይዤላት መጥቻለሁ።» ከጉያቸው ትንሽ ቅል አወጡ።

ዘርፉ ሕፃኗን እንደታቀፈች ቆመች። ማዳምና እመት ቀመሪያ አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አንዷ ከመጽሐፍ፣ አንዷ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነገር ይዘው፣ ሕፃኗን ከጡት በማራቅ ግን ተስማምተዋል። አሮጊት ሴት ተገፍታ አትታለፍም። ዘርፉ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እመት ቀመሪያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሱሩርን የት ነው የወለዱት?»

«ሱሩርንማ መንገድ ላይ። ከወሎ ስንመጣ፣ በረሃው መሃል፣ ከጨው ግመሎች ጋር። ምነው?»

«ቅቤ ማን አቀመሰው?»

«ምን ቅቤ አለ በረሃ ላይ? ውሃ እንኳ የለ።»

«ታዲያ ያን ሦስት ቀን ምን ጠጣ?»

የእመት ቀመሪያ መቁጠሪያ በጣቶቻቸው መካከል ቆመ። ቆርቆሮው በሙቀቱ ይንጣጣል፤ ሕፃኗ የዘርፉን ቀሚስ በአፏ ትፈልጋለች። በዚህ መሃል ሱሩር ጣሳውን ይዞ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፀጥታውን አይቶ ወደ ውስጥ አልገባም።

«ያንኑ ነዋ» አሉ እመት ቀመሪያ በመጨረሻ። «ሌላ ምን ነበር? ግመሎቹ አይቆሙልኝ። ደረቴ ላይ አስሬው በእግሬ ሄድሁ። ሲርበው ይጠባል፣ ሲጠግብ ይተኛል። ቢጫ ይሁን ነጭ ማን አየው? ወላሂ፣ አላየሁትም።» ቅሉን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «ለሰውም አልተናገርሁ። አማቴ ብትሰማ፣ እንገር አጠጥተሽ የልጄን ልጅ ልትገድይው ነው ወይ ትለኝ ነበር። ከደረስን በኋላ ቅቤ አቅምሼዋለሁ ብዬ ዋሸኋት።»

«እናቴ» አለ ሱሩር ከበሩ።

ዞር ብለው አዩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልነገሩት ነገር ነበር፤ አሁንም ለሱ ለመንገር አልነበረም ያወሩት። ሱሩር ሁለት ጆንያ የሚያህል የጨው ጭነት ብቻውን ተሸክሞ ግመል ላይ የሚያወጣ ሰው ነው፤ ጣሳዋን እንደያዘ ግን እንደ ልጅ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ጣሳዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጣትና፣ «እንግዲህ ትሞክረው» ብሎ የሚስቱን ነውር ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ።

እመት ቀመሪያ ከአልጋው አጠገብ ገለል አሉ። ብዙም አልራቁም፤ አንድ እርምጃ ብቻ።

ዘርፉ ሕፃኗን ከጥቅሉ ፈታቻት፤ ትናንት ከተወለደች ጀምሮ እጆቿ ከጨርቅ ሲወጡ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ሀጂራን በጎኗ አስተኝታ፣ የቀሚሷን ደረት ከፍታ፣ ሕፃኗን ሥጋ ለሥጋ ሆዷን ከሆዷ አጋጥማ አስተኛችላት። «ጡቱን ወደ እሷ አትውሰጅ፤ እሷን ወደ ጡቱ አምጫት» አለቻት በኦሮምኛ። «አትቸኩዪ። አፏን በደንብ እስክትከፍት ጠብቂ።» ሕፃኗ ጫፉን ብቻ ይዛ ለቀቀችው። እንደገና ይዛ ለቀቀች፤ ፊቷ ቀላ፣ ልታለቅስ ከንፈሯን ጣለች። ሀጂራ ትከሻዋን ሰቀለች። ዘርፉ በሀጂራ ትከሻ ላይ መዳፏን ጭና፣ ትከሻው እስኪረግብ ቆየች። ሦስተኛው ላይ ሕፃኗ አፏን እስከ ጉንጯ ከፈተች፤ ዘርፉ ጀርባዋን በመዳፏ ገፋ አደረገቻት፤ አገጯ ጡቱ ውስጥ ሰጠመ። ከዚያ ከጆሮዋ ሥር ያለው አጥንት መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ የመዋጥ ድምፅ ተሰማ።

«እማ» አለች ሀጂራ። አማርኛ ነበር የተናገረችው፤ ወደ አማቷም ነበር ያየችው። «እማ፣ እየጎተተች ነው።» ወዲያው ፊቷ ተኮማተረ። «ሆዴን! ሆዴን ቆረጠኝ!»

እመት ቀመሪያ ከዘርፉ ቀድመው ደረሱ። እጃቸውን በምራታቸው ሆድ ላይ አድርገው፣ «አይዞሽ፣ ማህፀንሽ ነው። ልጅ ሲጠባ ይሰበሰባል። ደሙም ይቆምልሻል። እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል፤ አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉ። ዘርፉ ልትተረጉም አፏን ስትከፍት ሀጂራ ራሷን ነቀነቀች። ገብቷታል።

ማዳም የተመለሰችው ሕፃኗ ሁለተኛውን ጡት ይዛ ሳለች ነው። ባርኔጣዋ አቧራ ለብሷል፤ ከጣቢያው ኩሊዎች ጋር ተጣልታ መምጣቷ ከፊቷ ያስታውቃል። በሩ ላይ ቆመች። ከመተላለፊያው ማዶ የሳጥን አልጋው ባዶ፣ ጡጦው ደረቅ፣ ጣሳዋ ያልተከፈተች፣ ሕፃኗ ራቁቷን።

«ምን ብዬሽ ነበር?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ያ ደግሞ ይብሳል። «ይኼ ቤት ደንብ አለው። ስንት ሰዓት ላይ ነው ይኼ? በየደቂቃው የምትጠባ ልጅ ሆዷ ይታመማል። ወተት የሌላት ሴት ላይ ልጅ ማንጠልጠል እናቲቱንም መግደል ነው።»

ዘርፉ ከአልጋው ጠርዝ ተነስታ ቀጥ ብላ ቆመች። «ማዳም፣ ጠዋት ያሉኝን ለባልየው ነግሬዋለሁ። እውነት ግን አልነበረም።»

በአራት ዓመት ውስጥ ዘርፉ እንዲህ ብላ አታውቅም። ዘርፉ ጎንበስ ብላ የሕፃኗን ከንፈር በትንሽ ጣቷ ከጡቱ አላቀቀችው። ከአፏ ዳር እንደ ማር የወፈረ ቢጫ ጠብታ ወረደ። ሀጂራ ጡቷን ስትጫነው ደግሞ ሌላ ወጣ።

«ይኼ ወተት አይደለም» አለች ማዳም። «ቢሆንም በጣም ትንሽ ነው።»

«የልጅቷ ሆድ ምን ያህል ነው?» ዘርፉ አውራ ጣቷን አሳየቻት። «ከዚህች አይበልጥም። ዛሬ የሚበቃት ይኼው ነው። በሁለት በሦስት ቀን ነጩ ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን ስትጠባው ነው። በዐሥር ደቂቃ፣ ያውም ተኝታ ስትመጣ፣ ከየት ይመጣል? እስከ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይተዉልኝ። በፈለገች ቁጥር ትጥባ። ጨርቋ ደረቅ ሆኖ ከዋለ ጡጦውን ራሴ እሰጣታለሁ፤ ነገም እዚህ አልመጣም።»

ማዳም ወደ አልጋው ቀረብ ብላ ሕፃኗን አየቻት። ከትናንት ጀምሮ ተጨብጠው የቆዩት ትንንሽ ጣቶች ተዘርግተው በእናቷ ደረት ላይ ተጋድመዋል። ማዳም እልኸኛ ናት እንጂ ዓይኗ ያየውን የምትክድ ሰው አይደለችም። «እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት» አለችና የመድኃኒት ሳጥኗን ልትከፍት ሄደች።

ከሰዓት በኋላው ረጅም ነበር። ዘርፉ ጓሮ ወጥታ አንሶላዎቹን አጠበች፤ ነፋሱ ገመዱ ላይ እያጮኸ ያማታቸዋል። በየጥቂቱ እጇን አድርቃ ትገባለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨርቁ ደረቅ ነበር። ዐሥር ሰዓት ላይም ደረቅ። ሕፃኗ ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ትጠባለች፤ እመት ቀመሪያ ትራሱን ያስተካክላሉ፣ አጥሚቱን ያቀርባሉ፣ ቅቤዋን ግን ወደ ጉያቸው መልሰዋታል። ዘርፉ ሳሙናውን እያሸች ቤቷን አሰበች፤ ነገ ሥራ ባይኖራት ወዴት እንደምትሄድ። መልሱ ቶሎ መጣላት፦ የትም ትሄዳለች፤ አንሶላ የማይቆሽሽበት ቤት የለም። ይኼን ካሰበች በኋላ እጇ ቀለላት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እመት ቀመሪያ ራሳቸው ጓሮ ድረስ መጡ፤ በእጃቸው ጨርቅ ይዘዋል። «እርጥብ ነው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዘርፉ ተቀብላ ወደ ፀሐይዋ አነሳችው፤ እርጥበቱ ሰፊና ንጹሕ ነበር፣ የሸክላው ቀለም የለበትም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ደረሰ፤ ይኼኛው እርጥብም ነው፣ እንደ ሬንጅ ጥቁር የሆነው የመጀመሪያው ዓይነ ምድርም ወጥቶበታል። ዘርፉ ሁለቱንም ሳታጥባቸው በሳህን ይዛ ወደ ማዳም ጠረጴዛ ሄደችና ከመድኃኒት ጠርሙሶቹ አጠገብ አስቀመጠቻቸው።

ማዳም በጣቷ ነካቻቸው። መነጽሯን አወለቀች። ቀና ያለችው ስለ ሀጂራ ለመናገር አልነበረም።

«ባለፈው በጋ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች…»

«አዎ፣ ማዳም» አለች ዘርፉ። ልታለዝበው አልሞከረችም። «እነሱም ነበራቸው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም። እኔም ፈራሁ። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።»

የማዳም ዓይን እንባ አቀረረ፤ አልፈሰሰም። መነጽሯን መልሳ አደረገችና አፍንጫዋን ጠረገች። «የሳጥን አልጋዎቹን ነገ ወደ እናቶቹ ክፍል እንወስዳቸዋለን» አለች። «ሌሊትስ?»

«ሌሊቱማ ዋናው ነው።»

«ሌሊትም እንግዲህ። ነገር ግን ሴቶቹን እንዴት እንደሚያጠቡ የሚያሳያቸው ሰው ያስፈልጋል። አንቺ እሱን ስትሠሪ የአንሶላውን እጥበት ማን ይሠራዋል?»

«እኔው አጥባለሁ» አለች ዘርፉ። «መጀመሪያ ግን ሴቶቹን አያለሁ።»

ማዳም ለአፍታ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች፤ ብዕሯንም አነሳች። ዘርፉ ሳህኑን ይዛ ወጣች፣ ጨርቆቹን አጥባ ሰቀለች፣ ነጠላዋን ደረበች። ፀሐይ ወደ ቦኩ ተራራ ኋላ እየወረደች ነው፤ ነፋሱም ጋብ ብሏል። ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት የሀጂራን ክፍል በር በጥቂቱ ከፈት አደረገችው። ሀጂራ በጎኗ ተኝታለች፣ ሕፃኗ ጡት ላይ ናት። እመት ቀመሪያ አልጋው ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀምጠው የምራታቸውን እግር እያሹ፣ አማርኛውን ቀስ እያደረጉ፣ እንዲገባት ቃሉን ነጠል ነጠል እያደረጉ ያወሩላታል። ግመሎቹን፣ ጥማቱን፣ ምጥ በጀመራቸው ጊዜ ባለቤታቸው በግራር ላይ የዘረጋላቸውን አቡጀዴ፣ የሱሩር እትብት የተቆረጠበትን ቢላዋ።

«ከዚያስ?» አለች ሀጂራ።

ዘርፉ በሩን መልሳ ገጠም አደረገችው። ሱሩር በውጭ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። ዘርፉን ሲያይ ሊነሳላት ብድግ አለ። በእጇ ተቀመጥ አለችው፤ ተመልሶ ተቀመጠ።